ፎርማት ስታደርጉልን ፈቃድ መጠየቂያውን አታጥፉብን

ጤና ይስጥልኝ ውድ አዘጋጆች፣ ስለ ስልክ አጭበርባሪዎች ብዙ ይወራል፣ ጥሩም ነው፣ ቤታችን ስላለው ኮምፒውተር ግን የሚያነሳ ሰው ስላጣሁ ነው የጻፍኩላችሁ።

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ወይ ቫይረስ ሲገባበት ሱቅ ወስደን ፎርማት እናስደርጋለን አይደል፣ ሲመለስ ፈጣን ነው ግን ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ጠፍቶ ነው የሚመጣው፣ ፕሮግራም ሊጫን ሲል ስክሪኑ ጨለም ብሎ "ይሄ ፕሮግራም ለውጥ እንዲያደርግ ትፈቅዳለህ ወይ" የሚለው ጥያቄ። የኛን ቤት ዴስክቶፕ ስረከብ የጠገነውን ልጅ ለምን አጠፋኸው ስለው "እህቴ እንዳይነዘንዝሽ ብዬ ነው" አለኝ። በክፋት እንዳልሆነ አውቃለሁ፣ ያን ሁሉ ሶፍትዌር ሲጭን በየደቂቃው ዬስ ማለት ይሰለቻል፣ ግን ሲጨርስ መመለስ ነበረበት!

ማይክሮሶፍት ይሄን ነገር ያመጣው በፈረንጆቹ 2007 ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው፣ ያኔ እውነትም ለትንሽ ለትልቁ እየጠየቀ ሰው ያማርር ነበር፣ ማጥፋት የተለመደውም ከዛን ጊዜ ጀምሮ ይመስለኛል። በ2009 ዊንዶውስ 7 ሲወጣ ግን አራት ደረጃ አደረጉለት፣ ከላይ ያለው ሁሌም ይጠይቃል፣ ሁለተኛው ፕሮግራሞች ለውጥ ሊያደርጉ ሲሉ ብቻ ይጠይቃል፣ እሱ ነው ከፋብሪካ የሚመጣው ለቤትም የሚበቃው። ሦስተኛው ስክሪኑን ሳያጨልም ይጠይቃል፣ ማጨለሙ ደግሞ ለጌጥ አይደለም፣ በዛች ሰዓት ሌላ ፕሮግራም በናንተ ቦታ ዬስን እንዳይጫንላችሁ ነው፣ ስለዚህ ማሽኑ በጣም አሮጌ ሆኖ ለማጨለም ካልተቸገረ በስተቀር ወደዛ አትውረዱ። የመጨረሻው ዝም ነው፣ አካውንቱ አድሚን (ኮምፒውተሩ ላይ ሁሉን የመቀየር ሥልጣን ያለው) ከሆነ ሳይጠይቅ ያሳልፋል፣ የኛ ሀገር ኮምፒውተር ደግሞ አብዛኛው አንድ አድሚን አካውንት ነው ያለው፣ አባትም ልጅም ጎረቤትም በሱ ነው የሚገባው።

ለመመለስ ደቂቃ አይፈጅም፣ ስታርት ላይ በእንግሊዝኛ ዩኤሲ (UAC፣ የዚህ ፈቃድ መጠየቂያ አጭር ስም ነው) ብላችሁ ጻፉ፣ የሚመጣውን ክፈቱ፣ መንሸራተቻውን ከላይ ሁለተኛው ላይ አድርጉና ኦኬ በሉ። ከዛ ለልጆቹ ስታንዳርድ አካውንት (የአድሚን ሥልጣን የሌለው) ክፈቱላቸው፣ ያኔ ዬስ ኖ ብቻ ሳይሆን የአድሚኑን ፓስዎርድ ነው የሚጠይቀው። የእህቴ ልጅ ከኢንተርኔት ጌም አውርዶ ሊጭን ሲል ጥያቄው ቢጫ ሆኖ መጣበት፣ ፐብሊሸር (አሳታሚው ድርጅት) የሚለው ቦታ ላይ አንኖውን (የማይታወቅ) ይላል፣ ፓስዎርድ ስለሌለው ጠራኝ፣ አብረን አይተን ኖ አልነው። ሰማያዊ ሆኖ የድርጅቱ ስም ሲጻፍ ቢያንስ ከማን እንደመጣ ይታወቃል፣ እሱም ቢሆን እናንተ ራሳችሁ የከፈታችሁት ካልሆነ ኖ በሉት።

ሁሉን ይከላከላል እያልኩ አይደለም፣ ከፍላሽ የሚመጣ ቫይረስ ፎቶና ፋይል ለማበላሸት የግድ የአድሚን ፈቃድ አያስፈልገውም፣ ስለዚህ አንቲቫይረሱም ይኑር፣ ባክአፕም (የፋይሎቻችሁ ቅጂ ሌላ ቦታ) ይኑር። ግን ዊንዶውሱ ውስጥ ገብቶ ስር እንዳይሰድ ይሄ ጥያቄ ብዙ ያግዛል፣ ነጻ ነው፣ ኢንተርኔትም አይፈልግም።

ጥገና ላይ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ ስትሠሩ ከረበሻችሁ አጥፉት፣ ስታስረክቡን ግን መልሱልን፣ ደምበኛው ባይጠይቅም። አዘጋጆቹም ብትችሉ አሠራሩን በፎቶ አድርጋችሁ አንድ ቀን አውጡልን፣ ወላጆች ቆርጠው ኮምፒውተሩ ጋ ይለጥፉታል።

አክባሪያችሁ፣ ከአዲስ አበባ