ለአትክልተኛውም የሥራ ምስክር ወረቀቱ ይሰጠው

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

ባለፈው ወር «መነኩሲቷን ያስኮበለለው አትክልተኛ» በሚል ርዕስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ ልጄ አነበበችልኝ፤ ከዚያ መነጽሬን አድርጌ እኔም ደገምኩት። ጸሐፊው ስም አልጠራም፤ ለዚህ ይመስገን። ባሕር ዳር ግን ሰው ስሙ ሳይጠራ የሚታወቅባት ከተማ ናት። ጋዜጣው በወጣ ማግሥት በግቢዬ በር አንገታቸውን የሚያሰግጉ መንገደኞች በዙ። አትክልተኛው የቆየ ተከራዬ ነው። መነኩሲት ያላችኋት ልጅም ዛሬ ሕጋዊ ሚስቱ ሆና የምትኖረው በእኔው ሰርቪስ ክፍል ነው። ስለዚህ የምጽፈው ከሰው ሰምቼ አይደለም።

መጀመሪያ አጥሩን ላንሳ። ጸሐፊው «በሌሊት አጥር ዘልላ» ይላል። ያ አጥር ቡገንቪላ ነው። የተከለውም በየክረምቱ የሚገርዘውም ይኸው አትክልተኛ ነበር፤ እሾሁ ዶሮ አያሳልፍም። በዚያ ላይ የዘለለች ሴት ቀሚሷንም ቆዳዋንም እዚያው ትታ በወጣች። ደግሞስ ልጅቷ የምንኩስና ማኅበሯን የተሰናበተችው ከባሕር ዳር መች ሆነና? አዲስ አበባ ካለው ቤታቸው፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በዋናው በር፣ አለቃዋ ግንባሯን ስመው ሸኝተዋት ነው።

የሆነው እንዲህ ነው። ልጅቷ ከሆሳዕና አካባቢ የመጣች ካቶሊክ ናት። ገና በወጣትነቷ ማኅበር ገብታ፣ መሐላ ፈጽማ፣ እዚህ ከተማችን ውስጥ ሕፃናት እንድታስተምር ተመደበች። የሲስተሮቹ ግቢ ሰፊ ነው፤ ለወጥ ቤታቸውም ለሕፃናቱ ምሳም የሚሆን አትክልት ከጓሮ ይወጣል። ጠዋት ጠዋት ዘንቢል ይዛ ወደ መደቡ የምትወርደው እሷ ነበረች። እሱ ጤዛው ሳይረግፍ ቆስጣውን ቆርጦ፣ በቃጫ አስሮ፣ ውሃ ረጭቶበት ይጠብቃታል። «ስንት እስር?» «ሁለት ይበቃል።» ረጅም ጊዜ ንግግራቸው ይኸው ነበር ይላል። እኔ አምነዋለሁ፤ የቤት ኪራይ ሲከፍለኝም ከዚህ የበለጠ አይናገርም። ብቻ ከወጥ ቤቱ እስከ አትክልቱ ባለው መንገድ ዳርና ዳር፣ ማንም ሳያዘው፣ ጽጌረዳ ተከለ። የጽጌረዳውን ነገር የነገረችኝ እሷ ናት እንጂ እሱ እስከ ዛሬ ትንፍሽ አላለም።

በመሐላዋ ላይ ሳለች ልቧ አልተነካም ብዬ አልከራከርም። ተነክቷል። ይህ ለአንዲት ሲስተር የተከለከለ መሆኑንም ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም። ግን ምን አደረገች? ዐቢይ ጾም ውስጥ ራሷ ወደ አለቃዋ ሄዳ፣ ማንም ሳይደርስባት፣ ሁሉንም ተናገረች። እጇን የያዘ፣ ደብዳቤ ያገኘ፣ ያየ የለም። የዚያኑ ዕለት ከሰዓት በኋላ አትክልተኛው ተጠራ። የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አስረክብ፣ ከነገ ጀምሮ አትምጣ ተባለ። እሷም በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ተዛወረች።

እዚህ ላይ የእኛ ሰው የሚስተው ነገር አለ፤ ጸሐፊያችሁም አብሮ ስቷል። ሲስተሮቹን የምንለካቸው በእኛው እማሆዮች ነው። እናቴ አባቴ ካረፈ በኋላ፣ ልጆቿን ድራ፣ የልጅ ልጅ አቅፋ ነው ቆብ የጫነችው። በእኛ ቤተ ክርስቲያን የሚመነኩስ ሰው ለዓለም እንደ ሞተ ተቆጥሮ ጸሎተ ፍትሐት ይደርስለታል፤ ከዚያ ወዲያ ቆቡን ጣለ ማለት ትልቅ ነውር ነው። የካቶሊኮቹ ግን በደረጃ የሚኬድ ነው። መጀመሪያ ኖቪስ፣ ማለትም ጀማሪ፣ ሆነው ይፈተናሉ። ቀጥሎ የሚገቡት የመጀመሪያው መሐላ በጊዜ የተወሰነ ነው፤ በመደበኛው ከሦስት ዓመት አያንስም፣ ከስድስት አይበልጥም። የዘለዓለሙ መሐላ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። የዘለዓለሙን የማለች ሲስተር እንዲሁ ተነሥታ ባል ላግባ ብትል በቤተ ክርስቲያኗ ዘንድ ጋብቻው ጋብቻ አይደለም፤ ከማኅበሯም ያለ ሌላ ፍርድ ትወጣለች። የጊዜው መሐላ ሲያበቃ ግን «አላድስም» ብላ መሄድ ራሱ ሕጋቸው የሚፈቅደው ነው። ልጅቷ ገና በጊዜው መሐላ ላይ ነበረች። የቀሯትን ወራት አዲስ አበባ ሆና፣ ስልክ ሳትደውልለት፣ እሱም ሳይደውልላት፣ ቆጥራ ጨረሰች። ነሐሴ ላይ መሐላዋ አበቃ፤ አላደሰችም። እንግዲህ ይህ ኩብለላ ከሆነ ከፋብሪካ በጡረታ የወጣሁት እኔም ኮብልያለሁ ማለት ነው።

የጎረቤቱን ወሬ ብጽፈው ጋዜጣችሁ አይበቃውም። አንዷ ነገሩን እስከ አፄ ሱስንዮስ ወሰደችው። አፄ ሱስንዮስ የካቶሊክን ሃይማኖት ተቀብለው አገር ታመሰ፣ እ.ኤ.አ. በ1632 አዋጁን መልሰው መንግሥቱን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፣ ፋሲለደስም ኢየሱሳውያን የተባሉትን የካቶሊክ ሚሲዮናውያን አስወጡ። ይሁን፤ ታሪኩን ጎርጎራ ያለው ፍርስራሽም ይመሰክራል። ያ ሁሉ ከሁለት እስር ቆስጣ ጋር ምን አገናኘው? ሌላዋ ደግሞ «ጣና ላይ ያለው ክብራን ገብርኤል ገዳም ሴት አይገባም፤ የእነሱ ግቢ ወንድ ምን ያደርጋል?» አለችኝ። ዶማውን ማን ይያዝላቸው ታዲያ? ሃይማኖቷን ጣለች ለሚሉት ደግሞ፣ ሌሊት 11 ሰዓት ላይ ተነሥታ መቁጠሪያዋን ይዛ የምትንበረከክበትን ቦታ ማሳየት እችላለሁ፤ በአልጋውና በልብስ ሳጥኑ መካከል ያለች፣ አንድ ሰው የማታዘረጋ ስፍራ ናት።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እኔ በጣሊያን የጦር ካሳ በተሠራው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ፣ ፈትል ክፍል ውስጥ ያረጀሁ ሴት ነኝ። በሠራተኛ ማኅበር ስብሰባ ላይ ከኋላ ተቀምጬ አላውቅም። ከተማው ሁሉ ስለ ፍቅሩ ሲያወራ እኔን ያንገበገበኝ ስንብቱ ነው። በጽሑፋችሁ ውስጥ ስለ ልጅቷ ዓይን አንድ አንቀጽ አለ፤ ሰውየው ከሥራው እንዴት እንደ ወጣ አንድ መስመር የለም።

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ያለ ማስጠንቀቂያ የሚያሰናብቱ ጥፋቶች ተዘርዝረዋል። እየደጋገሙ ማርፈድ አለ፣ መቅረት አለ፣ ማጭበርበር አለ፣ አምባጓሮ አለ። ሰው መውደድ የለም። አሠሪው በእነዚህ ምክንያቶች ሲያሰናብትም ምክንያቱንና ቀኑን በጽሑፍ መግለጽ አለበት። ለዚህ ሰው የተሰጠው «ከነገ ጀምሮ አትምጣ» ነው። ልጅቷን አስቸግሮ፣ ተከታትሎ፣ ተንኩሶ ቢሆን ኖሮ መጀመሪያ ከቤቴ የማስወጣው እኔ ነበርኩ፤ የሥራ ቦታ ትንኮሳን ያው አዋጅ ይከለክላል፣ እኛም በፈትል ክፍል ዘመናችን ስንቱን አለቃ አይተናል። ግን ማን ከሰሰው? የተናገረችው እሷው ናት፤ የተናገረችውም ስለ ራሷ ልብ ነው።

ክሰስ አልኩት። ወደ ሥራ ልመለስ የሚል ክስ በሦስት ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል፣ ተነሥ ዛሬ እንሂድ፣ ማመልከቻውን እኔ አጽፍልሃለሁ አልኩት። ጫማውን እያወለቀ ነበር። ቀና ሳይል «እትዬ፣ ክስ ከተባለ ምክንያቱ ይጠየቃል። ምክንያቱ ከተጠየቀ ስሟ መዝገብ ላይ ይወጣል። እሷ ገና መሐላዋ ላይ ናት» አለኝ። ሦስቱም ወር በዚህ አለፈ። ይህን ሰው ነው እንግዲህ ጋዜጣችሁ «አታላይ» ያለው።

ከዚያ በኋላ በቀን ክፍያ ፎገራ በኩል የእምቦጭ አረም ነቃይ ሆነ። እምቦጭ ጣና ላይ መታየቱ በይፋ ከታወቀ እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ስንት ዘመቻ እንደ ወጣበት አንባቢ ያውቃል፤ በእጅ መንቀል ምን እንደሆነ ግን የሚያውቀው የነቀለው ነው። እስከ ወገብ ውሃ ውስጥ ቆመው ሥሩን ከጭቃው እየመዘዙ ወደ ዳር ይጎትቱታል፤ ከነውሃው የሚከብደው ክብደት ትከሻ ይገነጥላል። በወር አንዴ ሲመጣ እጁ ነጭቶና ተሸብሽቦ የሌላ ሰው እጅ ይመስል ነበር። ዕድሜውን ሙሉ ሲተክል የኖረ ሰው ነቃይ ሆኖ እንጀራውን በላ። እቤት ሲሆን ደግሞ አርፎ አይቀመጥም፤ ለዓመታት ፍሬ የነሳኝን ሎሚዬን ገርዞ፣ ሥሩን ኮትኩቶ፣ ፍግ አልብሶ መለሰልኝ።

ልጅቷ መስከረም ላይ በሬን አንኳኳች። አንድ ሻንጣ ይዛለች። እሱ ፎገራ ነበር። ከልጄ ጋር አስተኛኋት፤ እሱ ሲመጣም ሳትጋቡ በአንድ ክፍል አታድሩም ብዬ ቁርጡን ነገርኳቸው። እነሱም ሌላ አላሰቡም። ወሳኝ ኩነት ጽሕፈት ቤት ሄደው በክብር መዝገብ ሹም ፊት ተጋቡ። ለሙሽራውም ለሙሽራዋም ሁለት ሁለት ምስክር ያስፈልጋል፤ እሷ እዚህ ዘመድ ስለሌላት አንዷ ምስክሯ እኔ ሆንኩ። ሹሙ ዕድሜ ጠየቀ፣ ፈቃድ ጠየቀ፣ ዝምድናና ሌላ ትዳር አለመኖሩን አረጋገጠ። ሲስተር ነበርሽ ወይ የሚል ጥያቄ በቤተሰብ ሕጉ ውስጥ የለም። የቤተ ክርስቲያኑን ነገር ከካህናቶቻቸው ጋር ገና እየተነጋገሩበት ነው፤ እሱ ኦርቶዶክስ እሷ ካቶሊክ በመሆናቸው አይቀልም። እናቷ በስልክ ታለቅሳለች፤ ግን ትደውላለች።

እንግዲህ ደሜን ወዳፈላው ነገር ደረስኩ። ሻንጣዋን ስትፈታ አየሁት። አለቃዋ የትራንስፖርት ገንዘብ፣ ሁለት ቀሚስና አንድ ጫማ ሰጥተው ሸኝተዋታል። በቤተ ክርስቲያናቸው ሕግ ከማኅበር የምትወጣ ሲስተር ለሠራችው ሥራ ክፍያ መጠየቅ አትችልም፤ ማኅበሩ ግን በፍትሕና በፍቅር እንዲያያት ታዟል። አድርገውታል፤ እግዜር ይስጣቸው። ከሁሉም በላይ መምህርት ሆና ማገልገሏን የሚገልጽ ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ ሰጥተዋታል። በዚያ ደብዳቤ ዛሬ በአንድ መዋዕለ ሕፃናት ተቀጥራ ታስተምራለች።

መሐላ የገባችው እሷ ናት፤ የሥራ ልምድ ማስረጃዋን አገኘች። እሱ ለማንም የማለው ነገር የለም፤ ማስረጃው ተከለከለ። ሁለት ጊዜ በር ድረስ ሄዶ «ኃላፊዋ የሉም» ተብሎ ተመለሰ። ሦስተኛውን እኔ አብሬው ሄድኩ፤ ለእኔም የሉም። የሲስተሮቹን ደግነት የማልክድ ሴት ነኝ፤ የሰፈራችን ሕፃናት ስንት ዓመት በነሱ ምሳ አድገዋል። ሆኖም ሐዘናቸውን ወይም ቅያሜያቸውን በአንድ አትክልተኛ የእንጀራ ወረቀት ላይ መወጣታቸው ከደግነታቸው ጋር አይሄድልኝም። አዋጁም ግልጽ ነው፦ አሠሪ የሥራ ውሉ ሲቋረጥ ወይም ሠራተኛው በጠየቀ ጊዜ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎቱን ዘመንና ደመወዙን የሚገልጽ የምስክር ወረቀት ያለ ክፍያ መስጠት አለበት።

ሐይቁ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የግቢውን አትክልት የሚመራ ሰው ይፈልጋል። እጁን አይተው ወደውታል፤ ደረቅ የነበረ የዘንባባ ረድፍ ሰጥተው ፈትነውታል። ያለ ማስረጃ ግን የሚቀጥሩት በረዳት ደመወዝ እንደሆነ ነግረውታል፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ጊዜ ሰጥተውታል።

ከጋዜጣችሁ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ የአጥሩንና የአታላዩን ነገር አርሙ። ሁለተኛ፣ ይህን ደብዳቤ ሳታሳጥሩ አውጡልኝ፤ ግቢው ውስጥ ጋዜጣችሁ እንደሚገባ አውቃለሁና። ወረቀቱ ላይ የሚጻፈው ሦስት መስመር ነው፤ ሥራው አትክልተኛ፣ ከዚህ ቀን እስከዚህ ቀን፣ ደመወዙ ይህን ያህል። ስለ ልጅቷ አንድም ቃል አያስፈልገውም። ፊት ለፊት መገናኘቱ የሚከብድ ከሆነ ለበር ጠባቂያቸው ይስጡት፤ ቤቴን ያውቀዋል፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ሎሚ ከእኔ ይወስዳል።

ስሜንና ስልኬን ለዝግጅት ክፍሉ ብቻ ገልጫለሁ።

የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረተኛ
ከባሕር ዳር