የደቻቱ አሸዋ መቆፈሪያ ወሰን ይበጅለት

ለድሬዳዋ አስተዳደር የማዕድንና የአካባቢ ጥበቃ ኃላፊዎች

ጤና ይስጥልኝ። ከተማችንን አቋርጦ ከሚያልፈው ከደቻቱ ወንዝ ለግንባታ ስለሚቆፈረው አሸዋ ነው የምጽፍላችሁ፤ ክረምቱ ሳይገባ ብታዩልኝ ብዬ።

አሸዋው በየክረምቱ ስለሚመጣ አያልቅም የሚሉ አሉ። መምጣቱስ ይመጣል። በደንገጎ በኩል ያለው የተራራ ድንጋይ በፀሐይና በዝናብ ይፈረካከሳል፣ ጎርፍ ጠርጎ ያወርደዋል፣ ሜዳው ላይ ጉልበት ሲያጣ ይጥለዋል። ግን ጎርፉ የሚያመጣው በራሱ ልክ ነው፤ ገልባጩ የሚጭነው ደግሞ ከተማው በሚገነባው ልክ።

እስቲ አንድ ጉድጓድ ጫፍ ላይ ቆማችሁ እዩ። ከላይ ጥሩ አሸዋ አለ፣ ከሥሩ ጠጠር፣ ከዚያ ጭቃማ አፈር። ቆፋሪው ጠጠሩ ጋ ሲደርስ ወደ ታች አይቀጥልም፤ ወደ ጎን ይዞራል፣ ወደ ዳርቻው። ዳርቻው ሥሩ ተቦርቡሮ ከላይ ቤትና አጥር ተሸክሞ ይቀራል። ጎርፍ ሲመጣ ደግሞ ጉድጓዱ ውስጥ ሲወድቅ ከላይ ያለውን የወንዝ አልጋ እየናደ ወደ ኋላ ይሄዳል። የያዘውን አሸዋ እዚያው ይጥልና ቀለል ብሎት ከታች ያገኘውን ይቦረቡራል። ከታች ያለው የድልድይ ምሰሶ ከሆነስ?

ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት የመጣውን ጎርፍ ድሬ አትረሳውም። ከ200 በላይ ሰው ነው የሞተው። ያንን ጎርፍ አሸዋ ቆፋሪ አመጣው አልልም፤ ከላይ ደጋው ላይ የጣለው ዝናብና የተራቆተው ተዳፋት ነው። ግን ለሚቀጥለው ጎርፍ መንገድ አንጥረግለት።

ውሃውም አለ። ከተማው የሚጠጣው ከጉድጓድ ነው። አሸዋው ጎርፉን ያዝ አድርጎ ወደ ታች ያሰርገዋል። እሱ ሲነሳ ውሃው ሽው ብሎ ያልፋል።

ይከልከል አላልኩም። በአካፋ ጭኖ የዕለት እንጀራውን የሚያገኝ ወጣት ብዙ ነው፤ ቢከለከልም ሌሊት ይቆፍራል። እኔን የሚያሳስበኝ ኤክስካቫተሩ ነው። ስለዚህ ከድልድይ፣ ከዳርቻና ከውሃ ጉድጓድ ምን ያህል መራቅ እንዳለበት በባለሙያ ይለካና ችካል ይተከል። ጥልቀቱም ይወሰን። ማሽን ለሚያስገባ ሰው ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት በአዋጅ ቁጥር 299/1995 መሠረት የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ ይጠየቅ፤ ውጤቱም ቀበሌ ላይ ይለጠፍ፣ እኛም እናንብበው። የወንዙ አልጋ ደግሞ ከክረምት በፊትና በኋላ ይለካ። ችካሉ ግን ከሐምሌ በፊት ቢተከል ነው የሚሻለው።

ከአክብሮት ጋር
አንድ የድሬ ነዋሪ