የትኛው የጥንት ካንትሪ?

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

ስለ አንድ የካንትሪ ድምፃዊ አዲስ አልበም በባህል አምዳችሁ ያወጣችሁት ግምገማ ግጥሞቹን አንድ በአንድ ፈትሿል። ሙዚቃው ላይ ሲደርስ ግን ድምፃዊው ወደ ጥንቱ ካንትሪ መመለሱን ብቻ ነግሮን አለፈ። ቅር ያለኝ እዚህ ላይ ነው። ጥንታዊ የሚባለው ካንትሪ አንድ ወጥ ስልት አይደለም፤ እንዲያውም አንዱ ሌላውን ተቃውሞ የተነሣበት ጊዜ አለ። አልበሙ የትኛውን እንደተከተለ ካልተነገረን ስለ ድምፁ ምንም አልተነገረንም።

በ1940ዎቹና በ1950ዎቹ መጀመሪያ (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) የገነነው ሆንኪ ቶንክ የመጠጥ ቤት ሙዚቃ ነው። ሀንክ ዊሊያምስን የሰማ ያውቀዋል። ቫዮሊኑና ስቲል ጊታሩ (ክሮቹ ላይ የብረት ዘንግ እየተንሸራተተ የሚመታው ጊታር) በየስንኙ መሀል ለድምፃዊው ይመልሱለታል፤ ቤዙም የኮርዱን፣ ማለትም አብረው የሚሰሙትን ድምፆች፣ መነሻና አምስተኛውን ድምፅ እያፈራረቀ ይሄዳል። ኋላ ሮክ ኤንድ ሮል ወጣቱን አድማጭ ሲወስድባቸው፣ በካንትሪ ማዕከሏ በናሽቪል ፕሮዲውሰሮቹ ቼት አትኪንስና ኦወን ብራድሊ እነዚያን ሁለት መሣሪያዎች ወደ ኋላ ገፍተው በአንድነት ለስለስ ብለው የሚጫወቱ በርከት ያሉ ቫዮሊኖችንና የኅብረት ድምፅን ፊት አመጡ። የፓትሲ ክላይንና የጂም ሪቭስ ሥራዎች እንዲያ ለስላሳ የሆኑት በዚህ ምክንያት ነው። ካሊፎርኒያ ውስጥ ቤከርስፊልድ ላይ ደግሞ ባክ ኦወንስና መርል ሃጋርድ ያንን ልስላሴ ትተው ቴሌካስተር በሚባለው ጥርት ያለ የኤሌክትሪክ ጊታርና ጎላ ባለ ድራም መጡ። ሦስቱም «ጥንታዊ» ናቸው፤ የአንዱ ወዳጅ ግን ሌላውን ላይታገሥ ይችላል።

አልበሙ የምር ከየት እንደሚነሣ ለማወቅ ከሁሉ አስቀድሞ ፔዳል ስቲል ጊታሩን ማድመጥ ይጠቅማል። መሣሪያው በእግሮቹ ቆሞ ተጫዋቹ ፊት የሚጋደም ነው። በተለመደው ኢ ናይን ቅኝት 10 ክሮች፣ 3 የግራ እግር ፔዳሎችና በጉልበት የሚገፉ 4 ወይም 5 ማንሻዎች አሉት። ግራ እጅ የብረት ዘንግ ክሮቹ ላይ ያንሸራትታል፤ ቀኝ እጅ በአውራ ጣትና በሁለት ጣቶች ይመታል፤ ቀኝ እግር የድምፁን መጠን ይቆጣጠራል። የመጀመሪያው ፔዳል 5ኛውንና 10ኛውን ክር ከቢ ወደ ሲ ሻርፕ ያነሣል፤ ሁለተኛው 3ኛውንና 6ኛውን ከጂ ሻርፕ ወደ ኤ። ሁለቱ አንድ ላይ ሲረገጡ የኢ ኮርድ ዘንጉ ሳይነቃነቅ ኤ ይሆናል። ስቲል ተጫዋቹ ባድ አይዛክስ ከድምፃዊው ዌብ ፒርስ ጋር በተጫወተውና በ1954 በገነነው ዘፈን ይህን የክር መነሣት ያሰማ ጊዜ ሌሎች ስቲል ተጫዋቾች በየቤታቸው ፔዳል መግጠም ጀመሩ።

ትዝታን የሚያውቅ ጆሮ እዚህ ላይ የራሱን ነገር ያገኛል። የትዝታ ሜጀር አምስቱ ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ የካንትሪ ጊታርና ስቲል ዜማም በብዛት የሚንቀሳቀሰው በእነዚሁ ላይ ነው። ኢን ዶ ብለን ብንነሣ፣ የመጀመሪያው ፔዳል ሶልን ወደ ላ ስለሚያነሣ ከቅኝቱ አይወጣም። ሁለተኛው ግን ሚን ወደ ፋ ይወስዳል፤ ፋ ደግሞ ትዝታ ውስጥ የለም። ዜማው እኛ ከለመድነው ቅኝት ወጣ የሚለው በዚያች ግማሽ ድምፅ ነው።

ፔዳሉ እውነተኛ መሆኑንም በዚሁ መለየት ይቻላል። በስቲል ላይ አንዱ ድምፅ ሲነሣ ሌሎቹ ባሉበት ይቆያሉ። በኪቦርድ የተሠራ ማስመሰያ ግን ድምፅ የሚያጥፈው ጎማ ሲዞር ሁሉንም ድምፆች ባንድነት ይጎትታል። የጥንት ድምፅ አላቸው በሚባሉ አልበሞች ላይ ይህ ሲያጋጥም ያሳዝናል፤ ጀማሪ አድማጭ ስቲልን የሰማ ይመስለዋልና።

መሣሪያው እውነተኛ ሆኖም የሚበላሽበት መንገድ አለ። ብዙ ስቲል ተጫዋቾች የኮርዱን ሦስተኛ ድምፅ (በዶ ኮርድ ላይ ሚን) በጆሯቸው ያስተካክላሉ። ፍጹም ንጹሕ የሆነው ሦስተኛ ከፒያኖው በ14 ሴንት ገደማ፣ ማለትም ከግማሽ ድምፅ አንድ ሰባተኛ በሚሆን መጠን ዝቅ ይላል። ስቲሉ ከጊታርና ከቤዝ ጋር ብቻ ሲሆን ያ ዝቅታ ይጣፍጣል። አቀናባሪው ረጃጅም የኪቦርድ ኮርዶች ከሥሩ ካነጠፈ ግን ሁለቱ ሦስተኛዎች ይጋጩና ድምፁ ይርገበገባል። መፍትሔው ኪቦርዱ ሦስተኛውን ትቶ መነሻውንና አምስተኛውን ብቻ እንዲይዝ ማድረግ ነው። ስቲሉን በኮምፒውተር ወደ ፒያኖው ማስጠጋት ግን መንሸራተቱን ይገድለዋል። ድምፃዊው ከደረት ድምፅ ወደ ቀጭኑ ሲሻገር የሚሰማው ስብራትም በዚያው ማረሚያ ተስተካክሎ ይጠፋል፤ እኔ ይህን የካንትሪ ትልቁ ጉዳት አድርጌ ነው የማየው።

በናሽቪል ስቱዲዮዎች ተጫዋቾቹ ፊት የሚቀመጠው ወረቀት ብዙ ጊዜ ኮርዶቹ በቅኝቱ ውስጥ ያላቸውን ተራ የሚያሳይ ቁጥር ብቻ ነው፦ 1፣ 4፣ 5። ጆርዳኔርስ የተባለው የኅብረት ዘፋኞች ቡድን አባል ኒል ማቲውስ በ1950ዎቹ መጨረሻ የጀመረው ይህ ዘዴ ድምፃዊው ቃናው ከፍ ካለበት ምንም ሳይጻፍ ዝቅ ለማድረግ ያስችላል። ኮርዱን እንጂ የሚጫወቱትን ሐረግ ግን አይነግራቸውም፤ ያንን ከራሳቸው ያመጣሉ። ስለዚህ በግምገማችሁ የስቲሉን፣ የቫዮሊኑንና የመሪ ጊታሩን ተጫዋቾች ከነፕሮዲውሰሩ ጥቀሱልን፤ ድራሙ በሰው የተመታ ይሁን በማሽንም ንገሩን። ስሞቹ በአብዛኛው በአልበሙ ሽፋን ላይ ታትመዋል፤ ሁለት መስመር ቢወስዱ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ