ርካሽ የጠመንጃ መነጽር ተኩስ ሜዳ ላይ ሲፈተን፦ ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ጤና ይስጥልን። ዋጋቸው ኪስ የማይጎዳ የጠመንጃ መነጽሮችን በተመለከተ ብዙ ጥያቄ ይደርሰናል። ሁሉም ሲጨመቅ አንድ ነው፦ «ይሄ ነገር ይሠራል?» አፋችንን ሞልተን «አዎ» ስለማንል ቅር የተሰኛችሁ እንዳላችሁ እናውቃለን። ምክንያታችንን በዚህ ደብዳቤ እናስረዳለን። ከዚህ በኋላ ከእያንዳንዱ ርካሽ ሞዴል አንድ ናሙና ተኩስ ሜዳ ወስደን ሳንፈትን ለሽያጭ አናቀርብም።

መነጽር ሱቅ ውስጥ አይፈተንም። አንስታችሁ በመስኮት ስታዩ የምትፈትሹት የምስሉን ጥራት ብቻ ነው። በምስል ጥራት በኩል ደግሞ የዛሬዎቹ ርካሾች ብዙም አያሳፍሩም። ምንም ያልተቀባ መስታወት በእያንዳንዱ ገጹ ከሚያርፍበት ብርሃን 4 በመቶ ያህሉን መልሶ ይጥላል። መነጽር ውስጥ ብዙ ሌንስ ስላለ ኪሳራው ይደራረባል። ይህን የሚቀንሰው ባለ ብዙ ንብርብር ቅብ ድሮ የውድ ዕቃ ምልክት ነበር፤ አሁን ርካሾቹም ላይ ይገኛል። ልዩነቱ ጎላ ብሎ የሚታየው ሲመሽና ፀሐይ ፊት ለፊት ስትሆን ነው። በጠራራ ቀን 100 ሜትር ላይ ያለን ወረቀት ግን ሁለቱም ያሳያሉ።

ዋናው ነገር ያለው ቱቦው ውስጥ ነው። በትልቁ ቱቦ ውስጥ ሌላ ትንሽ ቱቦ አለ። የላይኛው መዘውር ወደ ታች፣ የጎኑ መዘውር ወደ ጎን ይገፋዋል። ከተቃራኒው በኩል ደግሞ ሞላ ይደግፈዋል። ማነጣጠሪያውን የምታስተካክሉት ይህችን ትንሽ ቱቦ በፀጉር ስፋት ልክ እያንቀሳቀሳችሁ ነው። ዋጋ ሲቀነስ ብዙ ጊዜ የሚቀነሰው ከዚህ ነው፤ ከሞላው ጥንካሬና ከመዘውሩ ጥርስ አቆራረጥ። ሞላው ደካማ ከሆነ መዘውሩን ታዞራላችሁ፣ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ትሰማላችሁ፣ ቱቦዋ ግን ካለችበት ንቅንቅ አትልም። የምትንቀሳቀሰው ስትተኩሱና ጠመንጃው ሲመታ ነው። አንዳንድ ተኳሾች መዘውሩን ካዞሩ በኋላ በመፍቻ እጀታ መታ መታ የሚያደርጉት ለዚህ ነው። ደህና መነጽር ግን መታ መታ አያስፈልገውም።

አሁን ወደ ቁጥሩ። ኤም.ኦ.ኤ እና ሚል አንድ ጠቅታ ምን ያህል እንደሚያንቀሳቅስ የሚነገርባቸው የማዕዘን መለኪያዎች ናቸው። ካርቶኑ ላይ «1/4 ኤም.ኦ.ኤ» ተብሎ ከተጻፈ አንድ ጠቅታ 100 ሜትር ላይ ጥይቱን 7 ሚሊ ሜትር ያህል ያንቀሳቅሳል ማለት ነው። «0.1 ሚል» ከሆነ እዚያው ርቀት ላይ 1 ሴንቲ ሜትር ነው። ይህ የፋብሪካው ቃል ነው። የእኛ ሥራ ቃሉ መጠበቁን ማየት ነው።

ከመተኮሳችን በፊት ረጅም ጊዜ የሚወስድብን አገጣጠሙ ነው። «መነጽሩ አይረጋም» ተብሎ ከሚመለስልን ዕቃ ውስጥ ጥፋቱ የማሰሪያው ቀለበት የሆነበት ጥቂት አይደለም። ብሎኑ ከላላ መነጽሩ በየጥይቱ ይንሸራተታል። ከመጠን በላይ ከጠበቀ ቱቦውን ይጨፈልቅና ውስጡ ያለውን ሁሉ ያስጨንቃል። የላይኞቹ የቀለበት ብሎኖች አብዛኛውን ጊዜ ከ1.7 እስከ 2 ኒውተን ሜትር ይበቃቸዋል። የቀለበቱ አምራች ሌላ ቁጥር ከሰጠ ግን የሱ ይቀድማል። የጥብቀት ልክ የሚያሳይ መፍቻ ውድ አይደለም፤ መነጽሩን ስትገዙ አብራችሁ ግዙት።

መነጽሩ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀለኛ መስመር ቀጥ ብሎ መቆሙንም በቱምቢ እናያለን። 3 ዲግሪ ብቻ ካዘመመ፣ ለሩቅ ኢላማ ጥይቱን 35 ሴንቲ ሜትር ከፍ ለማድረግ መዘውሩን ስታዞሩ ጥይቱ 1.8 ሴንቲ ሜትር ያህል ወደ ጎን ይሄዳል። ያኔ ነፋሱ ይታማል፣ መነጽሩ ይታማል፤ ጥፋቱ ግን የገጠመው ሰው ነው።

ጠመንጃውም የምናውቀው መሆን አለበት። አዲስ መነጽር፣ አዲስ ጠመንጃና አዲስ ዓይነት ጥይት በአንድ ቀን ከተገናኙ ማን እንዳጠፋ አይታወቅም። ስለዚህ ባህሪውን በደንብ በምናውቀው ጠመንጃ፣ በአንድ ዓይነት ጥይት፣ ከአሸዋ ከረጢት ላይ እንተኩሳለን። አምስት አምስት ጥይት ነው የምንተኩሰው። ጠመንጃው በራሱ 4 ሴንቲ ሜትር የሚበትን ከሆነ በአንድ ቀዳዳ የ7 ሚሊ ሜትርን ጠቅታ መመርመር አይቻልም። የምናየው የቀዳዳዎቹን መሐል ነው።

መጀመሪያ 25 ሜትር ላይ እንጀምራለን። ጠመንጃው መቀርቀሪያው የሚወጣ ዓይነት ከሆነ መቀርቀሪያውን አውጥተን በአፈሙዙ ውስጥ ኢላማውን እናያለን፤ መስቀሉንም ወደዚያው እናመጣለን። በዚህ ብቻ የመጀመሪያው ጥይት ወረቀቱን ያገኛል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው፣ በ25 ሜትር የአንድ ጠቅታ ጉልበት የ100 ሜትሩ ሩብ መሆኑን በመርሳቱ ነው። ጥይቱ 5 ሴንቲ ሜትር ከሳተ ከ1/4 ኤም.ኦ.ኤው መዘውር 28 ጠቅታ ያህል ይፈልጋል። ሰው ሰባት አዙሮ «ይሄ መነጽር አይሰማም» ይላል። ከዚያ ወደ 100 ሜትር ሄደን ልኩን እንጨርሳለን።

ቀጥሎ ዋናው ፈተና ነው፤ የሳጥን ሙከራ ይባላል። ሁልጊዜ የምናነጣጥረው አንድ ነጥብ ላይ ነው። አምስት ጥይት እንተኩሳለን። 20 ጠቅታ ወደ ላይ እናዞርና አምስት። 20 ወደ ቀኝ፣ አምስት። 20 ወደ ታች፣ አምስት። 20 ወደ ግራ፣ አምስት። መነጽሩ እውነተኛ ከሆነ ወረቀቱ ላይ አራት ማዕዘን ይሠራል፤ የመጨረሻው አምስት ጥይትም የመጀመሪያው ላይ ይደረባል። በ1/4 ኤም.ኦ.ኤ የሳጥኑ ጎን 14.5 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆን አለበት።

ሳጥኑ ትንሽ ቢያንስ ወዲያው አንጥለውም። 14.5 መሆን ሲገባው 13.5 ቢሆን፣ በሁሉም ጎን እኩል እስካነሰ ድረስ ተኳሹ ቁጥሩን አውቆ ይሠራበታል። ዕቃው ላይ የተጻፈውን ግን በእርግጠኝነት እናርምላችኋለን፤ ስትገዙ ትክክለኛው ልኬት በወረቀት ይሰጣችኋል። ይቅርታ የማናደርግለት አለመመለስን ነው። የመጨረሻው አምስት ከመጀመሪያው ርቆ ካረፈ ያ ሞዴል ወደ መደርደሪያችን አይገባም።

አንድ ምልክት አለ፤ እናንተም ስትሞክሩ ልብ በሉት። መዘውሩ ከዞረ በኋላ ከተተኮሱት አምስት ጥይቶች የመጀመሪያው ብቻውን ወደ ድሮው ቦታ አዘንብሎ፣ ሌሎቹ አራቱ አዲሱ ቦታ ላይ ተሰብስበው ታገኛላችሁ። ይህ የተኳሽ ስህተት ሊሆን ይችላል። ሁለተኛውና ሦስተኛው ማዕዘን ላይም ከተደገመ ግን ሞላው ነው። ቱቦዋ በመዘውሩ ሳይሆን በመጀመሪያው ምት ነው የተንቀሳቀሰችው። በየማዕዘኑ አንድ አንድ ጥይት ብቻ የሚተኩስ ሰው ይህን መቼም አያየውም።

ማጉያውንም እንፈትናለን። 3-9x40 ማለት ከ3 እስከ 9 እጥፍ የሚያጎላ፣ የፊት ሌንሱ 40 ሚሊ ሜትር የሆነ ማለት ነው። በ3 እጥፍ ተኩሰን በ9 እጥፍ እንደግማለን። የጥይቱ ማረፊያ ከተቀየረ አደን ላይ ያስቸግራል። በነገራችን ላይ 40ን ለ9 ስታካፍሉ 4.4 ይመጣል፤ ወደ ዓይናችሁ የሚመጣው የብርሃን ክብ ስፋት በሚሊ ሜትር እሱ ነው። በጨለማ የወጣት ዓይን ብሌን እስከ 7 ሚሊ ሜትር ሊከፈት ይችላል። ስለዚህ ሲመሽ ማጉያውን ዝቅ ማድረግ ከአዲስ መነጽር ይበልጣል፤ ነጻም ነው።

ጭንቅላታችሁን ስታነቃንቁ መስቀሉ ኢላማው ላይ ሲዋኝ ካያችሁ ቶሎ አትደንግጡ። የርቀት ማስተካከያ የሌላቸው ብዙ መነጽሮች ከፋብሪካ ለ100 ያርድ፣ ማለትም ለ91 ሜትር ያህል፣ የተሞሉ ናቸው። በ25 ሜትር ትንሽ መዋኘታቸው ባህሪያቸው ነው። 100 ሜትር ላይ በጣም ከዋኘ ግን ላኩልን።

የዓይን ርቀትም አለ። ብዙዎቹ ዓይን ከመነጽሩ 9 ሴንቲ ሜትር ያህል እንዲርቅ ይፈልጋሉ። ቀርባችሁ በኃይለኛ ጠመንጃ ከተኮሳችሁ ቅንድባችሁን ይከፍተዋል። ተኝታችሁ ስትተኩሱ ጭንቅላት ሳይታወቅ ወደ ፊት እንደሚጠጋም አትርሱ።

ባለ ሞላ የአየር ጠመንጃ ያላችሁ ደንበኞች ስታዙ አስቀድማችሁ ንገሩን። ድምፁ ትንሽ ስለሆነ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወዲያው ደግሞ ወደ ፊት ይመታል። ለተራ ጠመንጃ የተሠራ መነጽር የሚጠብቀው የኋላውን ምት ብቻ ነው። በትልቅ ጠመንጃ ላይ ዓመታት የቆየ መነጽር በአየር ጠመንጃ ሌንሱ ሲላላ አይተናል።

ፈተናችን የሚናገረው ስለ ሞዴሉ ነው፤ ስለ እናንተ እጅ ላይ ስላለው አንድ ዕቃ አይደለም። ርካሽ መነጽር ላይ ትልቁ ችግር ከአንዱ አንዱ መለያየቱ ነው። ስለዚህ የመመለሻ ጊዜው ሳያልፍ የሳጥን ሙከራውን ራሳችሁ አድርጉ። የሜዳውን ደንብ ጠብቁ፤ ሰው ወረቀት ሊያይ ሲሄድ ጠመንጃው ተከፍቶ ይቀመጥ፣ ማንም አይንካው። መነጽሩን ሰው ለማየት አትጠቀሙበት፤ መነጽሩ ባለበት አፈሙዙም አለ።

ዕቃ ስትመልሱ ጠመንጃውን ሳይሆን መነጽሩን ላኩ። የተኮሳችሁበትን ወረቀት አብራችሁ አድርጉ። ርቀቱን፣ የጥይቱን ዓይነትና በየማዕዘኑ ያዞራችሁትን ጠቅታ ወረቀቱ ላይ ጻፉበት። ቱቦውን ግን እባካችሁ አትፍቱ። ውስጡ ጉም እንዳይዘው የተሞላው ናይትሮጅን ከወጣ እኛም ልንመልሰው አንችልም፣ አምራቹም ዋስትናውን አያከብርም።

ከአክብሮት ጋር፣
የፍተሻና የደንበኞች አገልግሎት ክፍል