«ቀጥታ» ሲሉን የት እንደሚያርፍም ይንገሩን

ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍል፣

ጋዜጣችሁ ላይ የትኬት ቢሮ ማስታወቂያ አይጠፋም። «ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ቀጥታ በረራ» ይላል፣ ዋጋ ይጻፋል፣ ስልክ ይቀመጣል፣ አለቀ። አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ያርፍ እንደሆነና እንዳልሆነ የሚናገር አንድ መስመር የለም። እኔን ደብዳቤ ያስጻፈኝ ይህ «ቀጥታ» የሚባል ቃል ነው።

እማዬ 71 ዓመቷ ነው፣ ጉልበቷን ያማታል። አምና እኔ ጋ ስትመጣ ትኬቱን የቆረጠልን ሰው «ቀጥታ ነው፣ ምንም አታስቢ» አለኝ። እኔም ለእሷ ስልክ ደውዬ «አውሮፕላኑ ሲያርፍ ደረስሽ ማለት ነው፣ በር ላይ እጠብቅሻለሁ» አልኳት። አውሮፕላኑ ደብሊን አረፈ። እማዬ ጎማው መሬት ሲነካ «ተመስገን» ብላ፣ ነጠላዋን አስተካክላ፣ ቦርሳዋን ከላይ አስወርዳ መተላለፊያው ላይ ቆመች። ጎኗ የተቀመጠች ልጅ ናት «እማማ፣ ገና ነው፣ ይሄ አየርላንድ ነው» ብላ መልሳ ያስቀመጠቻት። በኋላ ስታወራኝ «ልጄ የዋሸችኝ መሰለኝ» አለች። ይህ ነገር እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣም።

ሰውዬው ግን እንደ ሙያው ቋንቋ አልዋሸም። በአየር መንገዶች ዘንድ ቀጥታ በረራ የሚባለው ከመነሻው እስከ መድረሻው በአንድ የበረራ ቁጥር የሚሄደው ነው። መሃል ላይ አንዴም ሊያርፍ ይችላል፣ ከዚያም በላይ። ዩናይትድ የሚባለው የአሜሪካ አየር መንገድ ከሃዋይ ጉዋም የሚሄድ በረራ አለው፣ ፓስፊክ ውቅያኖስ ላይ እስከ አምስት ደሴት እያረፈ ያልፋል፣ ቁጥሩ ግን አንድ ነው። ምንም ሳያርፍ የሚደርሰው በረራ በእንግሊዝኛ «ነንስቶፕ» የሚባል ሌላ ስም አለው፤ እኛ ግን ሁለቱንም «ቀጥታ» እንላቸዋለን። ችግሩ እዚህ ላይ ነው።

ማረፉ በራሱ ጥፋት አይደለም፣ ምክንያት አለው። ቦሌ ከባህር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። እዚያ አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም የክንፉም ጉልበት ይቀንሳል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚያስኬድ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይከብዳል፤ ወደ ምዕራብ ሲበር ደግሞ ነፋሱ ከፊት ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ወደ ዋሽንግተን ሲመጣ ደብሊን ነዳጅ ሲቀዳ የኖረው ለዚህ ነው። ከዋሽንግተኑ አውሮፕላን ማረፊያ ከደለስ ሲመለስ ግን ሜዳው ዝቅ ያለ ነው፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፣ ሳያርፍ አዲስ አበባ ይገባል። አንድ ትኬት፣ መምጫው ሌላ መመለሻው ሌላ። ይህን ለአንድ እናት ቀድሞ መንገር ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

አሁን ወደ ገንዘቡ ልምጣ፣ ምክንያቱም ብዙ ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው።

አውሮፕላኑ ያረፈው ለነዳጅ ብቻ ከሆነ፣ የሚወርድም የሚሳፈርም ከሌለ፣ ወንበርሽ እስከ መጨረሻው ወንበርሽ ነው። ሰው የሚወርድበትና የሚሳፈርበት ማረፊያ ሲሆን ግን ነገሩ ይለያል። ከአዲስ አበባ በቶጎዋ ሎሜ በኩል ኒው ዮርክ አጠገብ ያለው ኒዋርክ የሚደርሰውን በረራ እናስብ። በዚያ አውሮፕላን ላይ ሦስት ዓይነት መንገደኛ አለ፦ ሎሜ የሚወርድ፣ ከሎሜ የሚነሳ፣ እና ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚሄድ። አንድ የቢዝነስ ክላስ ወንበር እስከ ሎሜ ባዶ ሆኖ ከሎሜ በኋላ የተሸጠ ሊሆን ይችላል። አዲስ አበባ ላይ ባዶ ወንበር አይተሽ «ለምን አፕግሬድ አያደርጉኝም፣ ወደ ተሻለው ወንበር አያሳልፉኝም» ብትዪ መልሱ ያ ነው። ወንበሩ ባዶ የሆነው ለግማሽ መንገድ ነው።

ይህን የተማርኩት በራሴ ላይ ደርሶ ነው። እዚሁ አሜሪካ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠቅሰው አየር መንገድ፣ ከአክስቴ ልጅ ጋር ለዘመድ ሠርግ ሲያትል እየሄድን ነበር። እሷ ርካሽ አግኝታ ሁለት የበረራ ቁጥር ያለው፣ በትራንዚት የሚሄድ ትኬት ገዛች። እኔ ደግሞ ከፍ ያለ ዋጋ ከፍዬ «ቀጥታ» የተባለውን፣ አንድ ቁጥር ያለውን፣ መሃል አገር አንዴ የሚያርፈውን ያዝኩ። እስከ ማረፊያው የምንሄደው በአንድ አውሮፕላን ነው። ሁለታችንም ባጠራቀምነው ማይል፣ ማለትም አየር መንገዱ ለደንበኛ በሚሰጠው ነጥብ፣ አፕግሬድ ጠየቅን። እሷ ለመጀመሪያው ጉዞ ወዲያው ተሰጣት። እኔ አልተሰጠኝም። ፊት ለፊት ባዶ ወንበር እያየሁ ከኋላ ተቀመጥኩ ማለት ነው።

ጌቱ ላይ፣ ማለትም መሳፈሪያው በር ላይ፣ የነበረችው ሠራተኛ በትህትና አስረዳችኝ። ሲስተሙ የእኔን ጉዞ የሚያየው እንደ አንድ ነው፤ ወንበሩ በሁለቱም ጉዞ ላይ ካልተገኘ በራሱ አይሰጥም። የአክስቴ ልጅ ትኬት ግን ሁለት በረራ ስለሆነ እያንዳንዱ ለብቻው ይታያል። የእኔን ቡኪንግ ለሁለት ከፍሎ ግማሹን መስጠት ይቻል ነበር፣ ግን ቀደም ብሎ በስልክ መጠየቅ ነበረበት፣ ያኔ ደግሞ መሳፈሪያው ሰዓት ደርሷል። ሁሉም አየር መንገድ እንደዚህ ይሠራል ማለቴ አይደለም፣ ደንቡ እንደየቤቱ ነው። እኔ ግን ብዙ ከፍዬ ትንሽ ያገኘሁት አንድ ቁጥር በመያዜ ብቻ ነው፣ ይህንንም ማንም አልነገረኝም።

በዚህ አላበቃም። ማረፊያው ላይ ስንደርስ «ሻንጣችሁን ይዛችሁ ውረዱ» ተባልን። ቁጥሩ ያው፣ አውሮፕላኑ ግን ሌላ፣ ጌቱም ሌላ። ሳምንታት ቀድሜ የመረጥኩት የመተላለፊያ ዳር ወንበር ቀርቶ መሃል ላይ ሁለት ሰው ጨምቆኝ ሲያትል ገባሁ። ኋላ ሳጣራ ቁጥር ሳይቀየር አውሮፕላን የሚቀየርበት አሠራር የቆየ ነገር ነው፣ አሜሪካ ውስጥ ሻጩ ይህን ለገዢው አስቀድሞ እንዲያሳውቅ የሚያስገድድ ደንብ ከ1999 ጀምሮ አለ። ደንቡ አለ፣ እኛ ግን የመጠየቅ ልማድ የለንም።

ማይሉም ቢሆን ያው ነው። ነጥብ በርቀት የሚቆጥሩ ፕሮግራሞች ላይ አንድ ቁጥር ያለው በረራ ብዙውን ጊዜ የሚቆጠረው ከመነሻ እስከ መድረሻ ባለው አጭር መስመር ነው፣ ዞሮ ያረፈበት አይታሰብም።

ስለዚህ ወገኖቼ፣ ከመክፈላችሁ በፊት ትኬት ቆራጩን ያዙትና ጠይቁት። ያርፋል ወይ? የት? ሰው ይወርዳል ወይስ ነዳጅ ብቻ ነው? አውሮፕላኑ ይቀየራል? አፕግሬዱን ስከፍል ለሙሉው መንገድ ነው ወይስ ለግማሹ? ይህን የመጨረሻውን በጽሑፍ ተቀበሉ፣ በቃል «አዎ አዎ» አይበቃም። ኢንተርኔት ላይ ራሳችሁ የምትገዙ ደግሞ ስንት ቦታ እንደሚያርፍ ሳታዩ «ግዛ» የሚለውን አትጫኑ፣ የጉዞው ሰዓት በዚያው መስመር ካለው ከሌላው በረራ ረዝሞ ካያችሁት አንድ ቦታ ያርፍ ይሆናልና አጣሩ።

ለእናንተ ለአዘጋጆቹ ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ማስታወቂያ ስትቀበሉ «ቀጥታ» ከሚለው አጠገብ «ያለ ማረፊያ» ወይም «በደብሊን»፣ «በሎሜ» የሚል አንድ ቃል እንዲጨመር ብታደርጉ። ቢሮዎቹም አይጎዱም፣ ደንበኛ የሚያጡት እኮ ሰው መንገድ ላይ ሲደናገጥባቸው ነው።

እማዬ ዘንድሮም ልትመጣ ነው። አሁን ለራሷ ነግሬያታለሁ፦ መጀመሪያ ሲያርፍ አትነሺ፣ ሁለተኛው ላይ ነው የምጠብቅሽ።

አንባቢያችሁ
ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ