ድሬ መጥተሽ ከመውለድሽ በፊት

ይድረስ ለውዷ ጓደኛዬ፣

እንደምን ከርመሻል? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ስንት ዘመን ተጠፋፋን! ሥራ፣ ልጅ፣ ኑሮ ስንል ዓመታት ሄዱ። ቅዳሜ ታይዋን ገበያ እናትሽን አገኘኋቸው። «ልጄ ነፍሰ ጡር ናት፣ ነሐሴ ላይ መጥታ እኔ ጋ ትወልዳለች» ሲሉኝ እዚያው እልል ልል ምንም አልቀረኝ።

ገንፎውም አራስነቱም እናት ቤት ነው የሚያምረው። የት እንደምትወልጂ ግን ከአሁኑ እንወስን። እናትሽ «የሰፈራችን ጤና ጣቢያ ይበቃታል» ብለውኛል። እኔም ሁለተኛ ልጄን የወለድኩት ጤና ጣቢያ ነው። አዋላጅ ነርሷ ሆዴን በሁለት እጇ ዳብሳ «ይኸው ጭንቅላቱ፣ ይኸው ጀርባው» እያለች የእኔንም እጅ ታስነካኝ ነበር። ከዚያ ቀንድ የመሰለችዋን ማዳመጫ ሆዴ ላይ ታደርግና ጆሮዋን ለጥፋ ዝም ትላለች። እሷ ጋ ከመሄዴ በፊት አንድ የግል ክሊኒክ ሞክሬ ነበር። ሐኪሙ አልትራሳውንዱን አይቶ፣ ወረቀት ጽፎ፣ ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ አሰናበተኝ። ሕንፃው አያታልልሽ። ስትጠይቂው የሚመልስልሽን ሰው ምረጪ።

ያንቺ ነገር ግን ከእኔ ይለያል፤ የመጀመሪያሽን በኦፕራሲዮን ነው የወለድሽው። አሁን በምጥ መውለድ ትችይ ይሆናል፣ ብዙዎች ወልደዋል። ግን በምጥ ጊዜ የማህፀን ጠባሳው ሊቀደድ የሚችልበት አጋጣሚ፣ ጥቂትም ቢሆን፣ አለ። ስለዚህ ኦፕራሲዮን ክፍል፣ ደምና ሰመመን ሰጪ ሌሊትም የማይጠፋበት ሆስፒታል ያስፈልግሻል። የግል ከመረጥሽም ይህንኑ ፊት ለፊት ጠይቂ፦ ምጤ በእኩለ ሌሊት ቢመጣ ማን ነው የሚያዋልደኝ? ክትትል የሚያደርግልሽ ሐኪም ያን ሌሊት ላይኖር ይችላላ! በመንግሥት ተቋም የወሊድ አገልግሎት ነፃ ነው፤ ለገንዘቡ አትጨነቂ።

ያኔ ከወለድሽበት ሆስፒታል ወረቀትሽን አውጪ። ያኔ በኦፕራሲዮን ማህፀንሽ የተከፈተው አግድም ይሁን ቁልቁል፣ ለምን ኦፕራሲዮን እንደሆንሽም እዚያ ላይ ይገኛል። የሆድሽ ጠባሳ የውስጡን አይናገርም። ሐኪሙ በምጥ ትውለድ አትውለድ ብሎ የሚወስነው ይህን አይቶ ነው። ክትትሉንም አታቋርጪ፤ ቢያንስ 8 ጊዜ መታየት ይመከራል።

ነሐሴ ደግሞ ክረምት ነው። የ1998ቱን ጎርፍ አትረሺውም። የምንመርጠው ሆስፒታል ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ከሆነ ሌሊት የሚያደርስሽ ባለ ባጃጅ ወይም ባለ መኪና ቀድመን እንያዝ። ሐረር ሕይወት ፋና ሆስፒታል አለ፣ ግን የደንገጎን ዳገት በምጥ መውጣት አይታሰብም። ደግሞ ድሬ ወባ አለ። በ2014 ብዙ ሰው የታመመው በየቤቱ በርሜልና ሮቶ ውስጥ በምትራባ ትንኝ ነው። በርሜሉን እኔ እከድነዋለሁ፣ አንቺ አጎበር ይዘሽ ነይ። ካተኮሰሽ ኪኒን ውጠሽ አትተኚ፣ ሂጂ ተመርመሪ። ደም ካየሽ፣ ራስሽን አጥብቆ ካመመሽ፣ ዓይንሽ ከደበዘዘ ወይም የልጁ እንቅስቃሴ ከቀነሰም ቀጠሮ አትጠብቂ።

አብሽሪ፣ ብቻሽን አይደለሽም። የካርድሽን ፎቶ በቴሌግራም ላኪልኝ፤ የመጀመሪያው አልትራሳውንድ የተነሣበት ቀን እንዲታይ አድርጊ። ሰኞ ድል ጮራ ሆስፒታል ሄጄ ካንቺ ዓይነት ወላድ ምን እንደሚፈልጉ፣ ምጥ ላይ ሰው አብሮ መግባት ይችል እንደሆነም እጠይቅልሻለሁ። ከቻሉ እኔ ነኝ የምገባው።

እህትሽ፣ ከድሬዳዋ