ቁጭ ብለሽ ጸልዪ

ይድረስ ለእናቴ፤

እንደምን ከርመሻል እማዬ? «ጉልበቴ ከድቶኛል፣ ከእንግዲህ ጸሎቴም እንደ ጸሎት አይቆጠርም» ያልሽው ከጆሮዬ አልወጣ ስላለ፣ በስልክ ከምነግርሽ ጽፌ ብልክልሽ ይሻላል ብዬ ነው። ፊደሉን አጉልቼዋለሁ።

ሙሴን አስቢው። በዘጸአት 17 ላይ እጁ ሲዝል ሕዝቡ ይሸነፍ ጀመር። «በርታ፣ ቁም» ያለው ሰው የለም። ድንጋይ አምጥተው አስቀመጡት፤ አሮንና ሖርም ግራና ቀኝ እጁን ደገፉለት፤ ፀሐይ እስክትገባም እንዲሁ ቆየ። ስለዚህ አንቺም ቁጭ ብለሽ ጸልዪ። ወንበሩ ክንድ ማስደገፊያ ያለውና እግርሽ መሬት የሚነካበት ይሁን። ተንበርክከው ቆይተው ድንገት ሲነሡ ራስ የሚያዞረው፣ ደም ወደ እግር ወርዶ ግፊት ለጊዜው ስለሚቀንስ ነው፤ የግፊት መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ደግሞ ይብሳል። መስገድ ካማረሽ እዚያው ወንበሩ ላይ ሆነሽ ራስሽን ዝቅ አድርጊ።

ጊዜውንም አንድ ላይ አትከምሪው። ዳንኤል በቀን ሦስት ጊዜ ነበር የሚጸልየው። አንቺም ያንን ረጅም ሰዓት ለሦስት ክፈይው፣ ለእያንዳንዱ አሥር ደቂቃ ይበቃል። ከማይረሳ ነገር ጋር እሰሪው፦ ከጠዋቱ መድኃኒት፣ ከምሳ፣ ከመኝታ ጋር። «ሲመቸኝ እጸልያለሁ» ያለ ሰው ሳይመቸው ይመሽበታል። ከበድ ያለውን ለጠዋት አድርጊ፤ ማታ «አባታችን ሆይ» እና ምስጋና ከበቂ በላይ ነው።

መዝሙረ ዳዊት 150 ነውና በቀን አምስት ሲደገም በ30 ቀን ያልቃል። ዓይንሽ ከደከመ በቀን ሁለት አድርጊውና በ75 ቀን ይለቅ፤ ማንም አያሳድድሽም። ረጅሙ መዝሙር 118 ግን 176 ቁጥር ስላለው በአንድ ቁጭታ አትሞክሪው። ስምንት ስምንት ቁጥር ሆኖ በ22 ክፍል የተከፈለ ነው፤ በቀን አንድ ክፍል ውሰጂ። በስልክ የምታዳምጪው ንባብ ይህንኑ 119 ቢለው ግራ አይግባሽ። በግሪኩ አቆጣጠር 9ኛውና 10ኛው አንድ ላይ ስለሚቆጠሩ ከዚያ በኋላ አብዛኛው በአንድ ያንሳል፤ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» 22ም 23ም የሚባለው ለዚህ ነው። ከ148 ጀምሮ ሁለቱም ይገጥማሉ።

እንቅልፍ እምቢ ባለሽ ሌሊት ግን መብራት አብርተሽ መጽሐፍ አትፈልጊ። አንድ አጭር ቃል ይዘሽ ከትንፋሽሽ ጋር መላልሺው። የጥንቶቹ የግብፅ መነኮሳት ለዚህ የመረጡት «አቤቱ፥ እኔን ለማዳን ተመልከት» የሚለውን የመዝሙር 69 መጀመሪያ ነበር። መሐል ላይ እንቅልፍ ቢወስድሽ ጸሎት አቋረጥሁ ብለሽ አትጸጸቺ፤ ልጅ በእናቱ እቅፍ ሲተኛ ማን ይቆጣዋል?

ስለ ጾም አላበዛም። የስኳር መድኃኒት ወስዶ ምግብ መዝለል አደገኛ ነው። ላብ፣ መንቀጥቀጥ ወይም መደናገር ከመጣ ወዲያው ጣፋጭ ነገር ይወሰዳል እንጂ ሰዓት አይጠበቅም። ሐኪምሽን ሳትጠይቂ አትጀምሪ። ኢሳይያስ 58ን ካነበብሽው ደግሞ ከምግብ ሰዓት ጋር የማይያያዝ ብዙ ጾም ታገኛለሽ።

ለሰው የምትጸልዪው ጸሎት ላይ ግን ልቆይ፣ አሁን ዋናው ሥራሽ እሱ ነውና። ስሞቹ ሲበዙ ጸሎት መሆኑ ይቀርና የስም ጥሪ ይሆናል። በሰባቱ ቀናት ከፋፍለሽ ለእያንዳንዱ ቀን አራት አምስት ስም ብቻ ስጪ። ከስሙ ጎን አንድ ልመና ጻፊ፣ ቀኑንም ጭምር። ነገሩ ሲፈታ የተፈታበትን ቀን ከጎኑ አስፍሪ። ከዚያ ከዕለቱ ሰዎች ለአንዱ ደውዪ። ያዕቆብ በምዕራፍ 2 ላይ የራበውን ሰው «እሳት ሙቁ፣ ጥገቡም» ብሎ ባዶ እጁን መስደድ ምን ይጠቅማል ብሎ የጠየቀውን ታውቂዋለሽ። አምስት ደቂቃ ይበቃል፤ ስለ ራስሽ ሕመም ሳታነሺ «ያ ነገር እንዴት ሆነ?» በዪ።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። «ጸልዩላት» እየተባለ ስንት የሰው ምስጢር አደባባይ ወጥቷል! ባለቤቱ ካልፈቀደ ስሙን ብቻ ጥሪ፣ ጉዳዩን እግዚአብሔር ያውቀዋል።

ሌላው ቂም ነው። ማቴዎስ 5 ወንድምህ የሚያዝንብህ ነገር ካለ መባህን ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ይላል። አስታራቂ መላክ ሁለተኛው እርምጃ ነው፤ በማቴዎስ 18 መጀመሪያው ሁለቱ ብቻቸውን ሆነው መነጋገራቸው ነው። ለበደልሻት ሴት የምትዪውን አስቀድመሽ ጻፊው፣ ከሦስት ዓረፍተ ነገር አይብለጥ፦ ያደረግሁት ይህ ነው፤ በድዬሻለሁ፤ ይቅር በዪኝ። ከዚያ ዝም በዪ። ይቅርታን የሚያበላሹት ሁለት ቃላት ናቸው፤ «ካስቀየምኩሽ» እና «ግን»። የመጀመሪያው ጥፋቱን ይጠራጠራል፣ ሁለተኛው ወደ ክርክር ይመልሳል። ወዲያው መልስ አትጠብቂ፤ አንቺ ወር ሙሉ ያሰብሽበት ለእሷ ዱብ ዕዳ ነው።

በዳይዋ ሌላ ሰው ከሆነችና ማስቀየሟን ጨርሶ ካላወቀች ደግሞ ደውለሽ «ይቅር ብዬሻለሁ» አትበያት፤ ያ ክስ ነው። እዚያው በጸሎትሽ ልቀቂያት። ገንዘብ ወስዶ የካደሽንም ይቅር በዪው፣ ሁለተኛ ግን አታበድሪው፤ ይቅርታና አደራ አንድ አይደሉም። የበደልሽው ሰው ከሞተ ለልጆቹ መመለስ ይቻላል። ዘኍልቍ 5 የተወሰደው ላይ አምስተኛ እጅ ተጨምሮ ይመለስ ይላል፣ ዘኬዎስ ደግሞ አራት እጥፍ ብሎ ነበር።

ምጽዋቱን በሳምንቱ መጀመሪያ ለይተሽ በፖስታ አስቀምጪ፣ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ሰዎች እንዳዘዘው። አስቀድሞ የተወሰነ መጠን ካለ የሚያጣድፍሽ ሰው አይወስንልሽም። «እግዚአብሔር ወደ አንቺ ላከኝ፣ ዛሬውኑ ላኪ» ብሎ ለሚደውል ሁሉ መልስሽ «ነገ» ይሁን።

ስሞቹን የምትጽፊበትን ደብተር መስመሩ ሰፊ የሆነውን ያዢ፣ እስክሪብቶውም ወፍራም ጥቁር ይሁን። ዛሬ የሰኞን ገጽ ብቻ ሙዪ። እኔን ሐሙስ ላይ አድርጊኝ፣ ሰኞ ይበዛብሻል። ከስሜ ጎን ግን «ባርከው» ብለሽ ብቻ አትለፊ፤ መልሱ መምጣቱን በምን ታውቂያለሽ? «ትዕግሥት» ብለሽ ጻፊ።

ልጅሽ